የድመት ሣጥን ገበር፦ እንዴት ይሠራል? የትኛውስ ይሻላል?

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኔ ጋር በሰነበተችበት ጊዜ ከሁሉ በፊት ያስገረማት የድመቴ የውሮ ሣጥን ነበር። «ድመት ደግሞ ቤት ውስጥ ይጸዳዳል?» አለችኝ። እሷ በምታውቀው ቤት ድመት ጓሮ ወጥቶ አፈር ይቆፍራል፣ ይጸዳዳል፣ መልሶ ይሸፍናል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ የማድቤቱ አመድ ይበቃዋል። እኔ ግን ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ ጓሮም ምድጃም የለኝም። ስለዚህ ጓሮውን በፕላስቲክ ሣጥን፣ አፈሩን በተገዛ አሸዋ ተክቼዋለሁ። ሣጥኑ እንዳይቆሽሽ ደግሞ ውስጡን በስስ ፕላስቲክ አለብሰዋለሁ። ሱቅ ውስጥ «ላይነር» ይሉታል። ሥራው ከኮት ገበር አይለይም፤ ገበር ብዬ እቀጥላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሸዋውን ልቀይር የገበሩን ጠርዞች ሰብስቤ ወደ ላይ ሳብኩ። ከመሬት አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ ሆዱ ተተረተረና የረጠበው ሁሉ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ፈሰሰ። እናቴ መጥረጊያ ይዛ መጣች። ጠርገን ስንጨርስ የተቀደደውን ፕላስቲክ በጓንት አንሥታ ወደ መስኮቱ ዘረጋችው። እንደ ወንፊት ነበር፤ በየቦታው ብርሃን ነጥብ ነጥብ ሆኖ ገባ። «ስሚ ልጄ፣ ይኼ ዛሬ የተቀደደ አይደለም። ድመትሽ ሲበሳው ነው የከረመው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ያን ገበር የገዛሁት ዋጋውንና ማሸጊያው ላይ ያለውን ሥዕል አይቼ ነው። ገበር መመረጥ ያለበት ግን በድመቱ አቆፋፈር ነው። የቀረው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

ከአመድ ወደ ሸክላ አፈር

የእናቴ አመድ ከሱቁ አሸዋ ታሪክ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ሴት ለድመቷ አመድ ትጠቀም ነበር፤ ድመቷ ግን በአመድ እግሯ ቤቱን ሁሉ ታጠቁርባታለች። ጎረቤቷ ኤድ ሎው ዘንድ ሄዳ አሸዋ ጠየቀችው። ሎው ደግሞ በፋብሪካ ወለል ላይ የፈሰሰ ዘይት የሚመጥ፣ የደረቀ የሸክላ አፈር ፍርፋሪ ይሸጥ ነበርና ከዚያ ሰጣት። ወደዳችው፤ ተመልሳም መጣች። ሎው በከረጢት እየሞላ «ኪቲ ሊተር» ብሎ ጻፈበት፤ የድመት አሸዋ ንግድ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ግን የሚጓጉለው ዓይነት ነው። ቶማስ ኔልሰን የተባለ ባዮኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለድመት አሸዋ ያዋለው ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ አፈር አለ። ውሃ ሲነካው በስስ ንብርብሮቹ መካከል እያስገባ ያብጣል፤ ያበጡት ፍርፋሪዎች እርስ በርስ ይጣበቁና ሽንቱን ውስጣቸው ይዘው ጓል ይሆናሉ። ጓሉን በወንፊት ማንኪያ እናወጣለን፤ ደረቁ አሸዋ ይቀራል። በዚህ ምክንያት አንድ ሙሌት አሸዋ ሳምንታት ይቆያል። ገበሩ ላይ ያለው ፈተናም ከዚሁ ይመጣል፤ አሸዋው ሳምንታት ከቆየ ገበሩም ለዚያን ያህል ጊዜ ጥፍር መቻል አለበት።

ሣጥኑ ለምን ይሸታል?

ትኩስ ሽንት ያን ያህል አይከረፋም። ሲቆይ ግን ባክቴሪያዎች ውስጡ ያለውን ዩሪያ እየሰባበሩ አሞኒያ ያወጣሉ፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። የድመት ቅድመ አያቶች የደረቅ አገር እንስሳት ስለነበሩ ኩላሊቱ ውሃ ይቆጥባል፤ ሽንቱም የወፈረ ነው። ዩሪያው ሲበዛ አሞኒያውም ይበዛል።

ራቁቱን የሚያገለግል ሣጥን በጥፍር ይጫጫራል። ጭረቱ ለዓይን የማይታይ ቢሆንም ሽንትና ባክቴሪያ ይደበቅበታል፤ ስለዚህ አሮጌ ሣጥን ታጥቦም ይሸታል። የገበር ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ጭረቱንም እርጥበቱንም እሱ ተቀብሎ ይጣላል፤ ሣጥኑ ንጹሕ ይቀራል። ገበሩ ከተበሳ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሽንቱ በቀዳዳው ሾልኮ አሸዋ በሌለበት በገበሩና በሣጥኑ መካከል ይተኛል። የሚያጓጉለው ስለሌለ እዚያው አሞኒያ ይሆናል። የተበሳ ገበር ከነጭራሹ ካልነበረ ገበር ይብሳል የምለው ለዚህ ነው።

ስቴኪኒና ብርጭቆ

የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አንድ ነገር ሞከርን። እናንተም ቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ሁለት ብርጭቆ፣ ሁለት የጸጉር ላስቲክ፣ አንድ ስቴኪኒ ይበቃል። በአንዱ ብርጭቆ አፍ ላይ ሲነኩት የሚንኮሻኮሸውን የገበያ ፌስታል፣ በሌላው ላይ ለስለስ ያለውንና ድምፅ የሌለውን ፕላስቲክ ወጥረን አሰርን። ከዚያ ስቴኪኒውን ቀስ አድርገን ተጫንን።

የሚንኮሻኮሸው ትንሽ ታገለና ጧ ብሎ ተበሳ፤ ቀዳዳው ወዲያው ወደ ጎን ሮጦ ስንጥቅ ሆነ። ለስላሳው ወደ ብርጭቆው ውስጥ እንደ ተገለበጠ ድንኳን ሰመጠ፤ ተለጠጠ፣ ነጣ፣ ብዙ ቆይቶ ተበሳ፤ ቀዳዳው ግን ከስቴኪኒው ጫፍ አልሰፋም።

ሁለቱም ፖሊኢትሊን ናቸው። ልዩነቱ የሞለኪውሎቻቸው ሰንሰለት አደራደር ነው። በመጀመሪያው ውስጥ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው የተደረደሩ ናቸው፤ ጠንካራ ቢሆንም ግትር ነው። በሁለተኛው ውስጥ ቅርንጫፍ ስላላቸው ተራርቀዋል፤ ስለዚህ ይንሸራተታሉ፣ ይለጠጣሉ። ጥፍር ሲመጣ ግትርነት አይጠቅምም። የድመት ጥፍር ጫፉ መርፌ ነው፤ ጉልበቱ ሁሉ በአንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል። የሚያድነው ለዚያ ጉልበት እየተለጠጠ ቦታ የሚሰጥ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ማሸጊያው ተከፍቶ ገበሩን መንካት ከቻላችሁ በእጃችሁ ጭብጥ አድርጉት። ዝም ብሎ የሚታጠፈውን ምረጡ፤ የሚጮኸውን ተዉት። ለድመቱ ጆሮም ዝም ያለው ይሻላል።

ውፍረት እና ልክ

ውፍረት አሜሪካ ውስጥ በ«ሚል» ይጻፋል፤ አንድ ሚል 25 ማይክሮን ገደማ ነው። የአገራችን የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ ፌስታልን የለየበት ልክ 0.03 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ይህም 30 ማይክሮን ወይም ከአንድ ሚል ጥቂት የሚበልጥ ማለት ነው። እርጋታ ላለው፣ ከላይ ከላይ ለሚቆፍር ድመት አንድ ሚል ተኩል በቂ ነው። እንደ ውሮ እስከ ወለሉ ለሚወርድ ቆፋሪ ሁለት ሚልና ከዚያ በላይ ፈልጉ። የግንባታ ፍርስራሽ የሚጣልበት ከረጢት ብዙ ጊዜ ሦስት ሚል ስለሆነ ለብርቱ ቆፋሪ ጥሩ ገበር ይወጣዋል።

ከውፍረት እኩል ዋጋ ያለው ልክ ነው። የተጨማደደ ገበር ሁለት ጥፋት ያደርሳል። በእጥፋቱ ውስጥ ሽንት ይታቆራል፤ ጥፍር ደግሞ የሚይዘው ነገር ያገኛል። የተወጠረ ፕላስቲክ ላይ ጥፍር ይንሸራተታል፤ በእጥፋት ላይ ግን እንደ መንጠቆ ይይዛል።

ስለዚህ ሣጥናችሁን ለኩ። የኔ ሣጥን 55 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 40 ይሰፋል፣ 18 ከፍታ አለው። ዙሪያው 190 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከረጢቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲለካ አፉ ቢያንስ 95 መስፋት አለበት። ጥልቀቱን ለማግኘት የሣጥኑን ስፋት ግማሽ፣ ከፍታውን፣ ለመታጠፊያ ደግሞ 10 እንደምራለን፤ 20፣ 18 እና 10 ሲደመሩ 48 ይሆናሉ። አሜሪካ ቤት ሁሉ ውስጥ የሚገኘው 13 ጋሎን የወጥ ቤት ቆሻሻ ከረጢት አፉ 60 ገደማ ብቻ ስለሆነ እንዲህ ላለው ሣጥን አይደርስም። በግድ ቢወጠርም ማዕዘኑ ላይ ይተረተራል።

ከየትኛው አሸዋ ጋር?

ገበር ከሁሉ በላይ የሚስማማው ከማይጓጉለው የሸክላ አሸዋ ጋር ነው። እሱ በየሳምንቱ ገደማ ሙሉ በሙሉ ስለሚቀየር ገበሩም በየሳምንቱ ይታደሳል፤ ጥፍር ጊዜ አያገኝም። ከሚጓጉለው አሸዋ ጋር ግን ወፍራም ገበር ያስፈልጋል። ማንኪያውም ጠርዙ ሹል ያልሆነ ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ገበር የሚቀደደው በድመቱ ሳይሆን በእኛው የብረት ማንኪያ ነው።

የአሸዋው ጥልቀት ራሱ ጋሻ ነው። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከሞላ ድመቱ ወለሉ ሳይደርስ ይረካል። ሦስት ሴንቲ ሜትር ላይ ከቆጠባችሁ ግን ያተረፋችሁት አሸዋ በገበር ይከፈላል።

ማንጠፍና ማውጣት

ሣጥኑን መጀመሪያ አድርቁት። ከረጢቱን አንጥፋችሁ በመዳፋችሁ ከመሐል ወደ ዳር እየጠረጋችሁ አየሩን አስወጡ። ጠርዙን በሣጥኑ ከንፈር ላይ ወደ ውጭ አጥፉትና በሰፊ ላስቲክ ዙሪያውን አጥብቁት። የሚሳብ ገመድ ያለው ገበር ከሆነ ገመዱ እንዳይንጠለጠል ከሥር ሸሽጉት። ድመት ገመድ ይውጣል፤ የተዋጠ ገመድ አንጀት ይሰበስባልና ለሕይወት ያሰጋል። ፕላስቲክ የሚያኝክ ድመት ወይም ግልገል ካላችሁ ገበሩን ጨርሶ ተዉት።

ስታወጡ ክብደቱን አስቡ። የኔ ሣጥን ሲሞላ ወደ 10 ኪሎ ይይዛል፤ የረጠበው ሲጨመር ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ጓሉን በማንኪያ አውጡ። ከዚያ ገበሩን አስሩና እንዳለ ከማንሣት ይልቅ በሣጥኑ ላይ ሌላ ከረጢት አልብሳችሁ ገልብጡት። ጭነቱን የሚሸከመው አዲሱ ከረጢት ይሆናል። እኔ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ወለሌ ላይ ፈስሶብኝ አያውቅም።

ገበር ኖረም አልኖረ ቆሻሻውን በየቀኑ ማንሣት ግን አይቀርም። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ከድመት ዓይነ ምድር ጋር ከወጣ በኋላ ሰውን ሊያሲዝ የሚችለው ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። በየቀኑ የሚጸዳ ሣጥን ያን ጊዜ አይሰጠውም። ነፍሰ ጡር ሴት ከተቻለ ሣጥኑን ሌላ ሰው ያጽዳላት፤ ካልሆነ ጓንት ታድርግ፣ እጇንም በሳሙና ትታጠብ። በየቀኑ ማንሣት ለድመቱም ነው፤ የጓሉን ብዛትና መጠን የምታውቁት ያኔ ነው። ወንድ ድመት ሣጥኑ ውስጥ እየገባ ምንም ሳይሸና ከወጣ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ድመቱ እምቢ ካለ

ፕላስቲክ ከእግሩ በታች መኖሩን የሚጠላ ድመት አለ። በጠርዙ ላይ ቆሞ ይጸዳዳል፣ እግሩን ያራግፋል፣ አሸዋውን ትቶ የሣጥኑን ግድግዳ ይቧጭራል፣ ሲብስ ምንጣፍ ላይ ይሸናል። እንዲህ ካያችሁ አትከራከሩት። ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ አንዱ ገበር ይኑረው፣ ሌላው ራቁቱን ይሁን። ለአንድ ሳምንት ከየትኛው ስንት ጓል እንዳነሣችሁ ቁጠሩ። ራቁቱን ከመረጠ ገበሩ ይቅር፤ ሣጥኑን በሙቅ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ማጠብ፣ ሲጫጫር መቀየር ይበቃል።

የጥፍሩን ጫፍ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ መከርከምም የገበሩን ዕድሜ ያረዝማል። ጥፍሩን ማስነቀል ግን አይታሰብ፤ የጣቱን የመጨረሻ አጥንት መቁረጥ ማለት ነው። ሜሪላንድም ለሕክምና ካልሆነ በቀር እ.ኤ.አ. በ2022 በሕግ ከልክላዋለች።

ቀዳዳውን አንብቡ

አሁን ገበር በቀየርኩ ቁጥር አሮጌውን እንደ እናቴ በጓንት ይዤ ወደ መስኮቱ እዘረጋዋለሁ። ብርሃኑ መሐል ወለሉ ላይ ከገባ አሸዋው ጥልቀት አንሶታል ማለት ነው፤ እጨምራለሁ። ማዕዘኖቹ ላይ ከሆነ ልኩ አልገጠመም፤ ጭምድዱን አቃናለሁ። ጠርዙ ላይ ከሆነ ውሮ ከንፈሩ ላይ እየቆመ ነው፤ ሣጥኑ ጠቦት ወይም ገበሩን አልወደደው ይሆናል። ረጃጅም ቀጥ ያሉ መስመሮች ከታዩኝ ማንኪያዬ ነው። ከመቀየሪያው ቀን በፊት ሁሉም ቦታ ከተበሳሳ የሚቀጥለውን በግማሽ ሚል ወፍራም አድርጌ እገዛለሁ።

እናቴ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላም ስትደውል ከኔ ደኅንነት ቀጥላ ስለ ውሮ ትጠይቃለች። ባለፈው ቅዳሜ «ወደ መስኮት ዘረጋሽው?» አለችኝ። ዘርግቼው ነበር፤ አንድም ብርሃን አልገባም።