ጉበትዎ ዝም ቢል ደምዎ ይናገራል

ደም ሊለግሱ ሄደው ወይም በእርግዝና ክትትል ላይ ሳሉ «ሄፓታይተስ ቢ አለብዎት» ተብለው ያውቃሉ? ምንም ስለማያምዎት የውጤቱን ወረቀት አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተዉት ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው።

ጉበት ታጋሽ ነው። ሕመም የሚሰማው ሽፋኑ እንጂ ውስጡ ስላልሆነ፣ ዕጢ ቢያበቅልም ለረጅም ጊዜ ላይታወቅ ይችላል። የቀኝ ጎን ሕመም፣ የክብደት መቀነስና የዓይን ቢጫ መሆን ሲመጡ ብዙ ጊዜ በሽታው ገፍቷል። ታዲያ ሐኪሞች በምን ይቀድሙታል? አንዱ ፍንጭ ደም ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው።

ስሙ አልፋ ፌቶፕሮቲን፣ በአጭሩ ኤኤፍፒ ይባላል። ሁላችንም በእናታችን ማህፀን ሳለን ጉበታችን በብዛት ያመርተው ነበር። ከተወለድን በኋላ ግን እየቀነሰ ሄዶ በጤናማ አዋቂ ደም ውስጥ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው። የጉበት ሴል ወደ ካንሰር ሲለወጥ፣ አንቀላፍቶ የነበረው ዘረመል ሊነቃና ያንኑ ፕሮቲን ዳግም ሊያመርት ይችላል። ይህን በ1963 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ያሳየው የሞስኮው ተመራማሪ ጋሪ አቤሌቭ ነው። በዓመቱም ዩሪ ታታሪኖቭ በጉበት ካንሰር ታማሚዎች ደም ውስጥ አገኘው።

ሆኖም ቁጥሩን ብቻ አይተው አይደንግጡ። እርግዝና፣ የጉበት ብግነትና ሲሮሲስ የሚባለው የጉበት መጠባሰስም ኤኤፍፒን ከፍ ያደርጉታል። ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ብቻም አይዘናጉ፤ ካንሰሩ እያለባቸው ፕሮቲኑ የማይጨምርባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ሲሮሲስ ያለባቸውና ይበልጥ የተጋለጡ የሄፓታይተስ ቢ ታማሚዎች በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይነሣሉ፤ ኤኤፍፒ ደግሞ ከጎኑ ይታያል። ጥርጣሬ ካለ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይከተላል። ዕጢው ትንሽ ሳለ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ወይም በሙቀት ማጥፋት ይቻል ይሆናል። ዘግይቶ ሲገኝ ግን ምርጫው ይጠባል።

ሄፓታይተስ ቢ ሲሮሲስ ሳያስከትልም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። «ደህና ነኝ» ማለት ብቻውን በቂ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር ያድርጉ። ሐኪምዎን «ክትትል ያስፈልገኛል?» ብለው ይጠይቁ። የትዳር ጓደኛዎን፣ ልጆችዎንና ወንድም እህቶችዎን ያስመርምሩ፤ ቫይረሱ ያልያዛቸው ክትባት ያገኛሉ። መድኃኒት ተሰጥቶዎት ከሆነም ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ።

ያንን ወረቀት ከመሳቢያው ያውጡት።