ከሣር የሚወጣ የአውሮፕላን ነዳጅ፦ ስልቱ የቆየ፣ ጥያቄው የመሬት

በጀርመን ፍራንክፈርት፣ ቬስትኤንድ በተባለው ሰፈር፣ ዛሬ የጎተ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚመላለሱበት ግዙፍ ሕንፃ ይገኛል። በ1930 ገደማ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተሠርቶ ሲጠናቀቅ የኢ.ጌ. ፋርበን የኬሚካል ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ነበር። በቂ የነዳጅ ጉድጓድ ያልነበራት ጀርመን ከድንጋይ ከሰል ቤንዚን እንድታወጣ ካስቻሏት ኩባንያዎች ቀዳሚው ይህ ነው፤ የሎይና ፋብሪካው በ1927 ማምረት ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን የጦር አውሮፕላኖች በአመዛኙ የበረሩት ከከሰል በተገኘ ነዳጅ ነበር። ኩባንያው በኦሽቪትዝ አጠገብ ባቋቋመው ፋብሪካ እስረኞችን በግዳጅ ማሠራቱ ደግሞ ስሙን እስከ ዛሬ አጥቁሮታል።

ፈሳሽ ነዳጅን ያለ ነዳጅ ጉድጓድ የማግኘት ጥያቄ ዛሬ በሌላ ምክንያት ተመልሶ መጥቷል። ባትሪ እጅግ ከባድ በመሆኑ ረጅም ርቀት የሚበር አውሮፕላን ከፈሳሽ ነዳጅ ገና አልተላቀቀም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኅብረቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከሚቀርበው ነዳጅ ውስጥ ከ2025 ጀምሮ 2 በመቶው፣ በ2030 6 በመቶው፣ በ2050 ደግሞ 70 በመቶው ዘላቂ ነዳጅ እንዲሆን ያስገድዳል። ፍራንክፈርትም በዚሁ ሕግ ሥር ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከ1958 ጀምሮ የሚያውቀው መዳረሻ ነው።

ለዚህ ነዳጅ ከታሰቡት ጥሬ ዕቃዎች መካከል ለዓመታት የሚዘልቁ ሣሮች ይገኙበታል። በአውሮፓ በብዛት የተጠናው ሚስካንተስ ነው። ጀርመኖች በተለምዶ የዝሆን ሣር ይሉታል፤ ይሁንና በኢትዮጵያ ለከብት መኖ ከሚተከለው የዝሆን ሣር የተለየ ተክል ነው። ጤፍም ከሣር ወገን ነው፤ ነገር ግን በየዓመቱ መሬቱ ታርሶ፣ ለስልሶ መዘራት አለበት። ሚስካንተስ ግን አንዴ ከተተከለ ከ15 እስከ 20 ዓመት በየዓመቱ ይታጨዳል። በመኸር ወራት ንጥረ ነገሮቹን ወደ ሥሩ ስለሚመልስ፣ ክረምቱ ሲያበቃ ደርቆ ሲታጨድ ለከርሞ የሚሆነው ስንቅ ከመሬት በታች ይቀራል። ስለዚህም ብዙ ማዳበሪያ አይሻም። አፈሩ በየዓመቱ ስለማይገለበጥ በጎርፍ መታጠቡ ይቀንሳል፤ ሥሩም በአፈሩ ውስጥ ካርቦን ያከማቻል።

ሣሩ ነዳጅ የሚሆነው በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ነው። ከሰል አክሳዮች እንጨቱን በአፈር አፍነው ሲያከስሉ፣ አየር ስላነሰው ሙሉ በሙሉ ሳይነድ ብዙ ጋዝ ያመልጠዋል። የመጀመሪያው መንገድ የሚፈልገው ይህን ዓይነቱን ጋዝ ነው። ሣሩ በጥቂት ኦክስጅንና በከፍተኛ ሙቀት ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይለወጣል። ከዚያም ፍራንዝ ፊሸርና ሃንስ ትሮፕሽ በ1925 በጀርመኗ ሙልሃይም ባገኙት ስልት፣ ጋዙ በብረት ወይም በኮባልት አጋዥነት ተያይዞ ረጃጅም የሃይድሮካርቦን ሰንሰለት ይሠራል። ሰንሰለቱ ተሰባብሮ ሲጣራ ኬሮሲን ይገኛል። በዚህ ስልት የተሠራ ነዳጅ ከተለመደው ጋር እስከ እኩሌታ ተቀላቅሎ እንዲበረርበት ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት በ2009 ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከጠላና ከአረቄ ጥበብ ጋር ይቀራረባል። የሣሩ ክፍል በኢንዛይም ወደ ስኳር፣ ስኳሩ በእርሾ ወደ አልኮል ይለወጣል። ከአልኮሉ ውኃ ተነጥሎ ሞለኪዩሎቹ ሲያያዙ ኬሮሲን ይሆናሉ። ችግሩ የሣር ስኳር እንደ ብቅል በቀላሉ አለመገኘቱ ነው፤ ሊግኒን የተባለ ጠንካራ ማያያዣ አጥብቆ ይዞታል።

ስልቱ ይህን ያህል የታወቀ ከሆነ ነዳጁ ለምን አልበዛም? መልሱ ከማሳው ይጀምራል። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ አንድ ሰፊ አውሮፕላን ከ30 ቶን በላይ ነዳጅ ያቃጥላል። አንድ ቶን ፈሳሽ ነዳጅ ለማግኘት ቢያንስ 5 ቶን ያህል ደረቅ ሣር ያስፈልጋል። ከሄክታር 15 ቶን ቢታጨድ፣ ሙሉውን በሣር ነዳጅ ለሚደረግ ለዚህ አንድ ጉዞ የ10 ሄክታር የዓመት ምርት ይጠፋል ማለት ነው። ሣር ደግሞ ቦታ የሚበላ ቀላል ጭነት ነው። የካርልስሩኸ ተመራማሪዎች ገለባን በየአካባቢው ወደ ወፍራም ፈሳሽ ለውጦ ማጓጓዝን የሞከሩት ለዚህ ነበር። የገንዘቡም ነገር ቀላል አይደለም፦ በፍራይበርግ ከእንጨት ነዳጅ ሊያመርት የተነሣው ኮረን የተባለ ኩባንያ በ2011 ለኪሳራ ተዳርጓል። በ2024 በዓለም የተመረተው ዘላቂ የአውሮፕላን ነዳጅ በጠቅላላ ከፍጆታው 0.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

ነዳጇን ከውጭ ለምታስገባው ኢትዮጵያ ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ትምህርትም አላት። በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ ከወጣ በኋላ ለጃትሮፋና ለጉሎ ሰፋፊ መሬት ተሰጥቶ ነበር፤ ብዙዎቹ እርሻዎች ግን መንገድ ላይ ቀርተዋል። በካርታ ላይ ባዶ የሚመስል መሬት ለአርብቶ አደሩ ግጦሽ ሊሆን ይችላል። ለገበሬውም ሣር ትርፍ ነገር አይደለም፦ ለላሟ መኖ፣ ለጎጆው ክዳን ነው፤ ደሾና ቬቲቨር ደግሞ እርከን ይይዙለታል። ሣር ለነዳጅ ቢታሰብ እንኳ ተስፋ የሚሰጠው አፈሩ በታጠበ፣ እህል በማይሰጥ ተዳፋት ላይ፣ መኖው ለከብቱ ከተረፈ በኋላ ነው።

የአውሮፓው ሕግ ከምግብና ከመኖ ሰብል የተሠራን ነዳጅ ከቁጥር አያስገባም። ሚስካንተስን የመሰሉ ሣሮች ምግብ ባለመሆናቸው ያልፋሉ። ሆኖም ሣሩ ባይበላም የበቀለበት መሬት ሊያበላ ይችል ነበር። ጥሬ ዕቃው ከማን መሬት፣ በማን ጉልበት እንደመጣ ኬሚስትሪ በራሱ አይጠይቅም፤ የቬስትኤንዱ ሕንፃ ታሪክም ይህን ይመሰክራል። ያን መጠየቅ የሕግ አውጪው፣ የአየር መንገዱና የመሬቱ ባለቤት ድርሻ ነው።