ስሙ ያልተጻፈው ሠዓሊ፦ የዶናልድ ዳክ ኮሚኮች እንዴት ታተሙ?

የመርከበኛ ልብስ ለባሹንና ቶሎ ቱግ የሚለውን ዶናልድ ዳክን ብዙዎቻችን የምናውቀው በፊልም ነው። በዋልት ዲዝኒ የካርቱን ፊልም የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 ሲሆን፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በመጽሔት የኖረው ሕይወቱ ግን የራሱ ታሪክ አለው።

መጀመሪያ ማን ምን ይሠራ እንደነበር እንለይ። ዲዝኒ በአሜሪካ የኮሚክ መጽሔቶቹን ራሱ አያትምም ነበር፤ ገጸ ባሕርያቱን እንዲጠቀምባቸው ዌስተርን ለተባለ ኩባንያ ፈቃድ ሰጠ። ዌስተርን ታሪኩን ያስጽፋል፣ ሥዕሉን ያሠራል፣ ያትማል። ዴል የተባለው ድርጅት ደግሞ በራሱ ስም አውጥቶ ያከፋፍላል። በ1940 «የዋልት ዲዝኒ ኮሚኮችና ታሪኮች» የተባለው ወርሃዊ መጽሔት ተጀመረ። በመጀመሪያ አብዛኛው ይዘቱ በጋዜጣ ወጥተው ከነበሩ ሥዕሎች የተወሰደ ነበር።

በ1942 ካርል ባርክስ የተባለ ሠራተኛ የዲዝኒን ስቱዲዮ ለቀቀ። በ1943 ለዚሁ መጽሔት ባለ 10 ገጽ የዶናልድ ታሪኮችን መሥራት ጀመረ። አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩን የሚደርሰውም ሥዕሉን የሚሥለውም እሱ ነበር። የዶናልድን ከተማ ዳክበርግን ፈጠረ። በ1947 ሀብታሙንና ቆንቋናውን አጎት ስክሩጅን አመጣ፤ ስክሩጅም በ1952 የራሱን መጽሔት አገኘ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወርሃዊው መጽሔት በአንድ እትም ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር። የባርክስ ስም ግን የትም አልተጻፈም፤ የሚታየው የዋልት ዲዝኒ ስም ብቻ ነው። የሚከፈለውም በገጽ ተቆጥሮ ነበር እንጂ ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም።

አንባቢዎቹ ግን እጁን ለዩት። ስሙን ስለማያውቁ «ጎበዙ የዳክዬ ሠዓሊ» ይሉት ነበር። በ1960 አካባቢ ጥቂት አንባቢዎች ጠይቀውና ደብዳቤ ጽፈው አገኙት።

በ1962 ዌስተርንና ዴል ተለያዩ፤ ዌስተርን ጎልድ ኪ በሚል ስም ማሳተሙን ቀጠለ። ባርክስ በ1966 ጡረታ ወጣ። በ1984 ዌስተርን ሥራውን አቆመ፤ በ1986 ግላድስቶን የተባለ አሳታሚ መጽሔቶቹን እንደገና አስነሳቸው። አውሮፓ ውስጥ ግን፣ በተለይ በጣሊያን፣ በጀርመንና በስካንዲኔቪያ፣ የዳክዬዎቹ መጽሔቶች ሳይቋረጡ ይነበቡ ነበር። ዶን ሮዛ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ የአጎት ስክሩጅን የሕይወት ታሪክ ከ1992 ጀምሮ የሠራው ለዴንማርክ አሳታሚ ነው። ባርክስ በ2000 በ99 ዓመቱ አረፈ። ከ2011 ጀምሮ ፋንታግራፊክስ ሥራዎቹን ሰብስቦ ሲያሳትም ስሙን በሽፋኑ ላይ ጽፎታል።

ይህ ታሪክ ማኅበራዊ ሥራ ለምንማር ሰዎች ሩቅ አይደለም። በልምምድ ቦታዎቻችን ሪፖርቱ ላይ የሚፈርመው አንድ ሰው ነው። በእናትየዋና በሠራተኛዋ መካከል ተቀምጦ ንግግሩን ያስቻለው አስተርጓሚ ግን ብዙ ጊዜ አይጠቀስም። አስተርጓሚው የቤቱ ልጅ ሲሆን ደግሞ እንደ ሥራም አይቆጠርለትም።

ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል። የባርክስ ስም የወጣው ኩባንያው አስቦበት ሳይሆን አንባቢዎቹ «ይህን የሠራው ማነው?» ብለው ስለጠየቁ ነው። እኛም መጠየቅ እንችላለን፤ ብዕሩ በእጃችን ሲሆን ደግሞ መጻፍ እንችላለን።