የጉዞ ድንኳን አያያዝ፦ ከክረምት ማከማቻ እስከ ተራራ ጉዞ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእግር የሚጓዙ በርካታ ጎብኚዎች በድንኳን ያድራሉ። ሳንቃበር፣ ግጭ እና ጨነቅ የተባሉት የማደሪያ ስፍራዎች ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ውርጭ እስከመጣል ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ውሃ የሚያስገባ ድንኳን እንቅልፍ ከመንሳት አልፎ የሰውነት ሙቀት እንዲወርድ በማድረግ ሕይወትን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ድንኳን ለሚያከራዩ ማህበራትና ግለሰቦችም የአንድ ድንኳን መበላሸት ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ብዙ ድንኳኖች ከጉዞው ይልቅ በማከማቻ ውስጥ የበለጠ ይጎዳሉ። የጎብኚዎች ቁጥር የሚቀንስበትና ድንኳን ለረጅም ጊዜ ታጥፎ የሚቀመጥበት ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት፣ ማለትም አየሩ እርጥበት የሚበዛበት ጊዜ በመሆኑ ለአቀማመጡ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

አብዛኛው የጉዞ ድንኳን ከናይሎን ወይም ከፖሊስተር ጨርቅ የሚሠራ ሲሆን፣ ውሃ እንዳያስገባ በውስጥ በኩል ፖሊዩሬቴን የተባለ ስስ ሽፋን ይቀባል። ይህ ሽፋን ለረጅም ጊዜ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ይፈርሳል፤ በመጀመሪያ መጥፎ ሽታ ያመጣል፣ ቀጥሎ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ በመጨረሻም ይላጣል። እርጥብ ሆኖ የታሸገ ድንኳን ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሻግት ይችላል። በጠባብ ከረጢት ተጨቁኖ ሲከርምም እጥፋቱ በአንድ መስመር ላይ እየጸና ሽፋኑ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል።

ከማስቀመጥ በፊት

ድንኳኑን በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ስፖንጅና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ማጽዳት በቂ ነው። በረኪናና የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሽፋኑን ስለሚጎዱ መጠቀም አይገባም፤ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ማጠብም ሆነ መተኮስ ክልክል ነው። የፀሐይ ጨረር ጨርቁን ስለሚያደክም ድንኳኑ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ተዘርግቶ መድረቅ አለበት። ስፌቱ፣ ማዕዘኖቹና የገመድ ማሰሪያዎቹ ከሌላው ክፍል ዘግይተው ስለሚደርቁ በእጅ እየነኩ ማረጋገጥ ይገባል።

የማከማቻና የጉዞ ከረጢት ልዩነት

ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ጠባብ ከረጢት የተዘጋጀው ለጉዞ እንጂ ለወራት ማከማቻ አይደለም። ለማከማቻ አየር የሚያስገባ ሰፊ የአቡጀዲ ከረጢት ተመራጭ ነው። ድንኳኑ ሳይጠቀጠቅ ላላ ተደርጎ ይገባና ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ በሆነ ክፍል ይቀመጣል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ቆጥ፣ በጭስ አጠገብ፣ ወይም እህልና ነዳጅ በሚቀመጥበት ክፍል ማስቀመጥ ለሙቀት፣ ለአይጥና ለብክለት ያጋልጣል። ያገለገለ የማዳበሪያ ከረጢትም የማዳበሪያ ቅሪት እርጥበት ስለሚስብ ለዚህ አይሆንም። በክረምቱ መካከል ብራ በሆነ ቀን ድንኳኑን አውጥቶ ማናፈስ ይመከራል።

ምትክ የጉዞ ከረጢት ማሠራት

የጉዞው ከረጢት ሲቀደድ ወይም ከመጥበቡ የተነሣ ማስገባት ሲያስቸግር በአካባቢ ልብስ ሰፊ ምትክ ማሠራት ይቻላል። ልኬቱ የሚወሰደው ድንኳኑን ሳያጨንቁ ጠቅልሎ የጥቅሉን ርዝመትና ዙሪያ በመለካት ነው። ለምሳሌ ጥቅሉ 42 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 50 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ካለው፣ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ከረጢት በምቾት ይይዘዋል። ለዚህም ስፌቱንና የገመድ ማስገቢያውን ጨምሮ 55 በ62 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ እና 21 ሳንቲ ሜትር የጎን ስፋት ያለው ክብ መቀመጫ ያስፈልጋል። ጨርቁ ውሃ የሚቋቋም ናይሎን ወይም ፖሊስተር፣ ስፌቱም ድርብ ቢሆን ይመረጣል። ከታች የሚሰፋ አጭር ማንጠልጠያ ድንኳኑን ስቦ ለማውጣት ያግዛል።

ዘንጎችና ካስማዎች ጨርቁን እንዳይወጉና እንዳያቆሽሹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ከረጢት ሊኖራቸው ይገባል። ዘንጎቹን ማጠፍ ከመካከል ጀምሮ ወደ ጫፍ ሲሆን በውስጣቸው ያለው ላስቲክ በእኩል ይለጠጣል።

በጉዞ ወቅት

ማለዳ ላይ ውርጭ ወይም ዝናብ የነካው የላይኛው ሽፋን ተራግፎ ከደረቀው የውስጠኛው ክፍል ተለይቶ በሌላ ከረጢት ይታሸጋል፤ በቀጣዩ ማረፊያም ቅድሚያ ተሰጥቶት ይዘረጋል። ሁለት ሰዎች በጀርባ ሲሸከሙ አንዱ ጨርቁን፣ ሌላው ዘንጉንና ካስማውን ቢይዝ ሸክሙ ይቀላል። በበቅሎ ሲጫን ዘንጎቹ ከከባድ ዕቃ ሥር እንዳይውሉና የጭነት ገመድ በቀጥታ እንዳያጠብቃቸው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ድንኳን ተከራይቶ የሚጓዝ ጎብኚ ከደባርቅ ከመነሣቱ በፊት ድንኳኑን ተክሎ ማየት ይኖርበታል። የሻጋታ ሽታ፣ የሚጣበቅ ወለል፣ የላላ ስፌት ወይም የጎደለ ካስማ ካገኘ እዚያው እንዲቀየርለት መጠየቅ አለበት፤ ጉዞው ከተጀመረ በኋላ ምትክ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አከራዮችም ከእያንዳንዱ ጉዞ መልስ ይህንኑ ፍተሻ አድርገው ጉድለቱን በጽሑፍ ቢይዙ ጥገናው ቀጣዩ እንግዳ ከመድረሱ በፊት ሊጠናቀቅ ይችላል።