የአያት ቤት ሲሚንቶ ይለሰን?

የፋሲል ግንብ እድሳት ፎቶ ሶሻል ሚዲያ ላይ ሲወጣ የተነሳው ጫጫታ ትዝ ይላችኋል? «ቀለም ቀቡት! ታሪኩን አጠፉት!» ተባለ። ሰውን ያስቆጣው ግድግዳው ነጣ ማለቱ ነው። እኛ የለመድነው ጠቆር ያለውን ድንጋይ ነዋ። የነጣው ግን ኖራ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንቡ ሲሠራም ድንጋዩን ያያያዘው እሱው ነው። የሞጣዎቹ ሰባራ ድልድይም፣ ያው በዐፄ ፋሲል ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራው፣ የኖራ ሥራ ነው።

ጣልያን በወረራው ጊዜ የጎንደርን ግንቦች ሲጠግን ሲሚንቶ ተጠቀመ። ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዩኔስኮ እገዛ በተሠራው ጥገና ደግሞ የጣልያንን ሥራ እያፈረሱ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነ። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ ለአንድ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ከፈልን ማለት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ያፍናል። ክረምት የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ከውስጥ ይበላዋል።

ሞጣና ቢቸና ውስጥ ደግሞ «ትልቅ ቤት» የሚባለው የድሮ ቤት አብዛኛው እንጨትና ጭቃ ነው። ውጭ አገር ያለው ልጅ «የአያቴን ቤት አሳምሩልኝ» ብሎ ብር ይልካል። መጀመሪያ የሚገዛው ምንድነው? ሲሚንቶ! ሽቦ ይወጠርና ይለሰናል። ለሠርጉ በጣም ያምራል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ ከኋላው ጭቃው ይረጥባል፣ ምሰሶው ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል።

እኔ ብሆን ብሩን በመጀመሪያ ቆርቆሮውና አሸንዳው ላይ አውለዋለሁ። ከዚያ ከጭድ ጋር በደንብ የቦካ ጭቃ፣ ላዩ ላይ ኖራ። መጋረጃውና ሶፋው ይደርሳል።

ደካማ ጎኑንም ልናገር፦ ጭቃና ኖራ በየጊዜው እጅ ይፈልጋሉ። ያ ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በቤቱ ሴቶች ላይ ነው፣ ያውም ሳይከፈላቸው። ስለዚህ ብር የምትልኩ ልጆች፣ ለዓመታዊ ጥገናም የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ጨምሩ። አሁንም ርካሽ ነው።

ቤተሰቡ ካላመነ በክርክር አትድከሙ። ከጓሮው ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ሲሚንቶ፣ ከጎኑ አንድ ሜትር ጭቃና ኖራ አስለስኑ (ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ መነጽርና ጓንት ይደረግ)። ሁለት ክረምት ይለፍበትና ሁለቱንም በእጃችሁ አንኳኩ።