የሚጠቀለል የፊት ሸራ፦ ገዢው ታች ያያል፣ ችግሩ ላይ ነው

ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ባለችው አናፖሊስ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ትልቅ የሸራ ጀልባዎች ትርኢት ይካሄዳል። የፊት ሸራ መጠቅለያ ሻጮች ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡት የታችኛውን ክፍል ነው፤ በጣት ሲነኩት ያለ ድምፅ የሚሽከረከር፣ የሚያብለጨልጭ ድራም። ገዢውም አዙሮ አይቶ፣ ረክቶ ይከፍላል። መሣሪያው የሚያስቸግረው ግን ብዙውን ጊዜ ከድራሙ አሥር ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ማንም ቀና ብሎ በማያየው ጫፍ ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ምሰሶውን ከጀልባዋ አፍንጫ ጋር ወጥሮ የያዘው ሽቦ ረጅም የአሉሚኒየም ቱቦ ይለብሳል፤ የሸራው ጠርዝ በቱቦው ቦይ ውስጥ ይገባል። ከታች ድራም፣ ከላይ ተሽከርካሪ ማያያዣ አለ። ጀልባዋን የሚነዳው ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሳ ገመዱን ሲስብ ሸራው እንደ መስኮት መጋረጃ ይጠቀለላል። በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በድንገት በሚመጣበት በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሚናጥ አፍንጫ ላይ ወጥቶ ሸራ ከማውረድ ያድናል።

«አልጠቀለል ካለ በዊንች ጎትተው» የሚል ምክር በየወደቡ ይሰማል። ከሚነገሩት ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። በመጠነኛ ነፋስ የሸራው መጎተቻ ላላ ተደርጎም የመጠቅለያው ገመድ በእጅ አልመጣም ካለ፣ የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ የሆነ ቦታ የተያዘ ነገር አለ። አብዛኛውን ጊዜ የተያዘው ላይ ነው። ሸራው የተሰቀለበት ገመድ ከፊት ሽቦው ጋር ትይዩ ሆኖ ከቆመ፣ ቱቦው ሲዞር ገመዱንም ይዞት ይዞርና በራሱ ላይ ይጠመጥመዋል። በዚህ መሐል ዊንች የሚያዞር ሰው ጉልበቱን የሚያሳርፈው በፊት ሽቦው ላይ ነው። የሽቦው ክሮች ይፈታሉ፣ ይበጠሳሉ፤ ምሰሶውም ሊወድቅ ይችላል።

መድኃኒቱ ገጠማው ላይ ነው። መስቀያው ገመድ ከላይኛው ማያያዣ ተነስቶ ወደ ምሰሶው ሲሄድ ከፊት ሽቦው 10 ዲግሪ ገደማ መራቅ አለበት። የምሰሶው አናት ይህን ማዕዘን የማይሰጥ ከሆነ፣ ገመዱን ወደ ምሰሶው የሚያስጠጋ ትንሽ ማሳለፊያ ይታሰራል። ሸራው አጭር ሆኖ ማያያዣው ከጫፉ ርቆ ሲቀርም ያው ችግር ይመጣል፤ ያኔ በሸራው ራስና በማያያዣው መካከል ልኩ የተቆረጠ የሽቦ ቅጥያ ይገባል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁም ነገር አይገባም፤ ብዙዎች የሚዘሉት ግን ይህንኑ ነው። ሥራው ሲያልቅ ነፋስ በሌለበት ጠዋት አንድ ሰው ሸራውን ሲፈታና ሲጠቀልል፣ ሌላው ወደብ ላይ ቆሞ ጫፉን በባይኖኩላር ይመልከት።

«አሮጌው ሽቦ ይበቃል» የሚሉም አሉ። ቱቦው ከለበሰ በኋላ ሽቦው እንደ ልብ አይታይም፤ የተበጠሰ ክር ቢኖር ቱቦው ይሸፍነዋል። ሽቦው አሥር ዓመት ከቀረበ ወይም ዕድሜው ካልታወቀ፣ ምሰሶው በተፈታበት በዚያው ቀን መቀየሩ ይሻላል። ከላይም ከታችም በሁሉም አቅጣጫ የሚተጣጠፍ መጋጠሚያ ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ የሸራው ንቅናቄ ሽቦውን ጫፉ ላይ እያጠፈ ያደክመዋል። ደግሞ «ትልቁን መግዛት ነው የሚያዋጣው» አይባልም፤ መጠኑ የሚመረጠው በጀልባዋ ርዝመት፣ በሽቦው ውፍረትና ሽቦውን ከጀልባዋ ጋር በሚያያዘው ፒን ልክ ነው።

ሌላው ተስፋ «አንድ ሸራ ለሁሉም ነፋስ» የሚለው ነው። ግማሹን ጠቅልሎ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን ሸራ ሲጠቀለል መሐሉ እያበጠ ይሄዳል፣ ጠንካራ ነፋስ ደግሞ የሚፈልገው ጠፍጣፋ ሸራ ነው። በጠርዙ ላይ የሚሰፋ ስፖንጅ ይህን ያሻሽላል፤ የመጎተቻው ገመድ ማሳለፊያም ወደ ፊት መገፋት አለበት። ስፋቱ ከምሰሶው እስከ ፊት ሽቦው ካለው ርቀት ጋር ሲነጻጸር 135 በመቶ የሚባለው ሸራ ወደ 100 ሲወርድ አሁንም ይሠራል። ከዚያ በታች ግን ጀልባዋን ወደ ነፋሱ መውሰድ እየተሳነው ይሄዳል።

ግራሶስ? ኩሽኔታ ሁሉ ግራሶ ይወዳል ብሎ ከጋራዥ የመጣ ሰው እዚህ ይሳሳታል። እንደ መጠቅለያው ሥሪት ይለያያል፦ የሃርከን ኩሽኔታዎች ግራሶ አይፈልጉም፤ በንጹህ ውኃ ታጥበው ጨው ይለቀቅላቸዋል። የፕሮፈርል በግራሶ ተሞልቶ የታሸገ ነው፤ የፉርሌክስን ግን ባለቤቱ ራሱ በየጊዜው ይቀባል። መመሪያውን ማንበብ ነው።

በመንጠቆ ይሰቀል የነበረው አሮጌ ሸራም የግድ አይጣልም። ጨርቁ ደህና ከሆነ ሸራ ሰፊ መንጠቆዎቹን ነቅሎ ለቦዩ የሚሆን ጠርዝ ይሰፋለታል፤ ድራሙ የሚወስደውን ቁመት ለማካካስም ከርዝመቱ ሊቀንስ ይችላል።

የተጠቀለለ ሸራ ግን ተቀምጧል ማለት አይደለም። ዐውሎ ነፋስ ሲተነበይ ይወርዳል፤ ከተፈታ ራሱን ቀዶ፣ ጀልባዋን ከማሰሪያዋ ሊነቅል ይችላልና። ፀሐይም አለች። ከውጭ የሚቀሩት የኋላና የታች ጠርዞች መከላከያ ጨርቅ ይሰፋላቸዋል፤ ጨርቁ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ግን ጥቅም የለውም። ስለዚህ ሸራ ሰፊው መርፌ ከማንሳቱ በፊት ድራሙ ወደ የት እንደሚዞር ይነገረው።