የምጽዋ ግድግዳ አጥንት

ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅን ያለፈ፣ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ በዛሪማ በኩል ተከዜን የተሻገረ የጥንት ሲራራ ነጋዴ መዳረሻው ምጽዋ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ ሊማሊሞን ሽቅብ ወጥቶ በ1770 ጎንደር ገብቷል። የአሮጌዋ ምጽዋ ቤቶች በኮራል ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። ጭነቱን አራግፎ ግድግዳ የተደገፈ ነጋዴ፣ ሳያውቀው የእንስሳ አፅም ተደግፎ ነበር።

ኮራል ቅርንጫፍ አውጥቶ ሲታይ ተክል ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ገላው ለስላሳ ነው፤ አፉን ትንንሽ መዳሰሻዎች ከበውታል። ከባሕር ውኃ ካልሲየም እየወሰደ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ያበጃል። እሱ ሲሞት ድንጋዩ ይቀራል፣ ተከታዩም በዚያው ላይ ይገነባል። ቀለቡን በአብዛኛው የሚሰጠው በሥጋው ውስጥ የሚኖር አልጌ ነው፤ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርቶ ያካፍለዋል፣ እሱም መጠለያ ይሰጠዋል። ስለዚህ ሪፍ የሚባለውን የኮራል ድንጋይ ክምር የሚገነቡት ኮራሎች ጥልቀት የሌለው፣ ጥርት ያለና ሞቅ ያለ ባሕር ይሻሉ። ክረምት ሲገባ የዛሪማ ወንዝ የሚያወርደው ዓይነት ደለል ይገድላቸዋል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅም አልጌውን ያስወጡና ይነጣሉ፤ ሙቀቱ ከቆየ በረሃብ ያልቃሉ።

አቶል የሚባለውን፣ መሐሉ ባሕር የሆነ የቀለበት ደሴት ለመረዳት ከዛሪማ ቀና ብሎ ስሜንን ማየት ይጠቅማል። ስሜን ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የተከመረ እሳተ ገሞራ ነው። ይህ ተራራ ሞቃት ባሕር መካከል ቢሆን ኖሮ ኮራል ዳርቻውን ይከበው ነበር። ተራራው ቀስ በቀስ ሲሰምጥ ኮራሉ ብርሃን እንዳያጣ ሽቅብ ያድጋል፤ በመጨረሻ ራስ ደጀን ራሱ ጠልቆ ቀለበቱ ብቻ ይቀራል። ቻርልስ ዳርዊን ይህን ሐሳብ በ1842 አሳተመ፤ ሐሳቡ የተረጋገጠው ግን በ1952 ነው፤ በፓስፊኩ ኤኒዌቶክ አቶል የወረደ መሰርሰሪያ ከ1,200 ሜትር የሚበልጥ የኖራ ድንጋይ አልፎ የእሳተ ገሞራ ዐለት አገኘ።

ሪፍ ከውቅያኖስ ወለል አንድ በመቶ እንኳ አይሸፍንም፤ ከባሕር ፍጥረታት ዓይነት ግን ሩብ ያህሉ ኑሮው ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ስንጥቁና ዋሻው ለትንሹ ዓሣ መደበቂያ፣ ለትልቁ ማደኛ ነው። ፓሮት የሚባለው ዓሣ ደግሞ ድንጋዩን በጥርሱ እየፋቀ አልጌ ይበላና የቀረውን አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል። ጎብኚ የሚንጋለልበት ነጭ አሸዋ በከፊል የዚህ ዓሣ ኩስ ነው!

ባሕር የሌላት ኢትዮጵያም ሪፍ አላት፤ የሞተ ነው እንጂ። ከ120,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል ደናክል ረባዳ ውስጥ ገብቶ ነበር። በዳርቻው ኮራል በቀለ። በኋላ መግቢያው ተዘጋ፣ ውኃው እየተነነ ጨውነቱ በረታ፣ ኮራሉ አለቀ። ሪፉ ዛሬም በአፋር ፀሐይ ላይ ተገልጦ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ሜዳ ደግሞ ጎንደር ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር የነበረው አሞሌ ጨው የሚቆረጥበት ነው።